"ልክ ነዎት" ያልኩበት ቀን

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ፣ የዚያን ዕለት ደብረ ታቦርን ከዳር እስከ ዳር ስዞርባት የዋልኩት በፈተናው ጭንቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው። በደህናውም ቀን ቢሆን ጥፍሬን እየበላሁና እግሬን እያወዛወዝኩ ነው የምኖረው። እናቴ "ይቺ ልጅ ሆዴ ውስጥ ሆናም አላስተኛችኝም" ትላለች።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከጋሳይ አንድ ሰዓት ያህል በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ ከአባቴ፣ ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ከጌትነት ጋር እኖር ነበር። አባቴ የደብራችን ቄስ ናቸው፤ ገብስና ስንዴም ያርሳሉ። ጌትነት በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ትምህርት ቤት የገባነው ግን እኩል ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሲወድቅ አባቴ "ይህ ልጅ ትምህርት አይገባውም፤ እርሻው ይሻለዋል" አሉና አስወጡት። እሱ በሬ ጠመደ፣ እኔ ቀጠልኩ። መንገድ ሲከፈት እየሄድኩ፣ ሲዘጋ እየቀረሁ፣ እንደምንም አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን ግን ሁለቴ ተፈትኜ ሁለቴም ለጥቂት ወደቅሁ።

ጋሳይ ከተማ ወፍጮ ቤት ያላቸው አጎቴ "በቃ ሰኞ ጀምሪ፤ እህል ትመዝኛለሽ" ብለው ቦታ አዘጋጁልኝ። ሥራውን ንቄው አይደለም። ግን አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ያንን ድምፅ ስሰማ፣ አሮጊት እስክሆን እዚያው ቆሜ ስመዝን ታየኝ። የሚያድነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ዩኒቨርሲቲ ከዞናችን ስድስት ተማሪ በቃለ መጠይቅ ብቻ መርጦ ሳይንስ ሊያስተምር ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ሃያ አንድ ሰው ተጠራን። ቀኑ የጥቅምት ወር ዓርብ ነው። ዓርብ ካልሆነልኝ ሰኞ ወፍጮ ቤት ነኝ ማለት ነው።

ጌትነት "ብቻሽን አትሄጂም፤ ደንግጠሽ መኪና ሥር ትገቢያለሽ" ብሎ ገብሱን ማጨድ ትቶ አብሮኝ መጣ። ከጋሳይ በጠዋቱ ሚኒባስ ይዘን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደብረ ታቦር ደረስን። ቃለ መጠይቁ የሚደረገው በአንድ ግቢ ውስጥ ባለ አሮጌ አዳራሽ ነበር። በሩ ላይ አጠር ያሉ፣ ካፖርት የለበሱ ዘበኛ ቆመዋል። ጌትነት ጋቢውን ተከናንቦ ግቢው ውስጥ ከግንቡ ሥር ተቀመጠ፤ እኔ መቀመጥ ስላልቻልኩ ቆምኩ።

የመጀመሪያው ልጅ ሲወጣ ሁላችንም ወረርነው።

"ምን ጠየቁህ?"

"‘ቃል የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ እንዴት ትዋሽ ነበር?’ አሉኝ።"

"ምን አልካቸው?"

"ምን እላለሁ? ዝም አልኩ። ‘ጥሩ መልስ ነው’ ብለው ሳቁ። መለስኩ ይባል አይባል እኔ አላውቅም።"

ሁለተኛዋ ልጅ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወጣች። የአንድ ወንዝ ውኃ በሙሉ ተቀድቶ ቢያልቅ ወንዙ አለ ወይስ የለም ብለዋታል። እሷ "የለም" ስትላቸው "ታዲያ ነገ ዝናብ ሲዘንብ የሚመጣው ማን ነው?" አሏት። ከዚያ በኋላ ምን እንደተናገረች አታስታውስም። እኔ ለሦስት ሳምንት የፊዚክስና የሒሳብ ቀመር ስሸመድድ ነው የከረምኩት። "የሚጠየቀውን የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ሁላችሁም እኩል ናችሁ" አለኝ ጌትነት። ሊያጽናናኝ መሆኑ ነው።

አምስት ሰዓት ላይ "ውባለም!" ተብዬ ተጠራሁ።

ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰው ተቀምጧል። መሐል ላይ ፀጉራቸው የነጣ፣ ቁመታቸው ረዘም ያለ ፕሮፌሰር አሉ። በቀኛቸው መነጽር ያደረገች ወጣት ዶክተር፣ በግራቸው ደግሞ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ነበሩ። ተቀመጪ ተባልኩና ተቀመጥኩ። ወዲያው ፕሮፌሰሩ መስኮት ሊዘጉ ተነሱ፤ እኔም ተነሳሁ። ተመልሰው ሲቀመጡ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይተው መሐረብ ከኮታቸው ሊያወጡ ብድግ ሲሉ አብሬ ብድግ አልኩ። ዶክተሯ ሳቋን ይዛ "ልጄ፣ እዚህ መነሳት የለም" አለችኝ። ትልቅ ሰው ተነስቶ እያዩ መቀመጥ ግን እግሬ እምቢ አለኝ፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲነሱም ተነሳሁ።

"ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ስለዚህ ለፀሐይ ትቀርባለች። ታዲያ ለምን ይበርዳታል?"

ይህን ጌትነትና እኔ ልጆች ሆነን ተከራክረንበታል። "ፀሐይ በጣም ሩቅ ስለሆነች ይህ ከፍታ ለእሷ ምንም አይደለም" አልኩ። "ከፍ ሲሉ አየሩ ይሳሳል። ስስ አየር ሙቀት አይዝም።" ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዶክተሯ ቀጠለች። "ከአንቺ በስተቀር በዓለም ላይ ማንም የማያውቀው ነገር ምንድን ነው?"

"ትናንት ያለምኩት ሕልም።"

"ሕልሙን ብትነግሪን እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?"

"አታውቁም። እኔም እየተናገርኩ ትንሽ እጨምርበት ይሆናል" አልኩ፤ ሦስቱም ሳቁ። ሳቃቸው ልብ ሰጠኝ። ወፍጮ ቤቱ ከሰኞ ወደ ማክሰኞ፣ ከማክሰኞም ጭራሹኑ ሲርቅ ታየኝ።

ያኔ ነው ፕሮፌሰሩ ሦስተኛውን ጥያቄ ያመጡት።

"ነገ ጠዋት ስንነሳ በዓለም ያለ ሰዓት ሁሉ ቆሟል። ስልኩም፣ የግድግዳውም፣ የእጁም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈተና አለሽ። አንቺም ፈታኙም እኩል እንድትደርሱ ምን ታደርጊያለሽ?"

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። አባቴ በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን የሚያውቁት በጥላቸው ነው። ቅዳሴ ከመግባታቸው በፊት ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አንድ ሰው የጥላቸው ራስ ያረፈበት ላይ ጠጠር ያስቀምጣል። ከዚያ ከቆሙበት ጀምረው የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት ጋር እያገጣጠሙ እስከ ጠጠሩ ድረስ ይቆጥራሉ። በጥቅምት ሰባት እግር ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ወሩ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል፤ ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል። ዛሬ ስልክ አላቸው፤ ነገር ግን ስልኩን አያምኑትም። ጠጠር አስቀማጭዋ ደግሞ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እኔ ነበርኩ።

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወራሁላቸው። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰውዬ እንኳ መጻፉን ትቶ አዳመጠኝ።

ፕሮፌሰሩ አገጫቸውን አሹ። "ቆይ። እግርሽ ትንሽ ነው። የእኔን እዪው።" ረጅሙን ጥቁር ጫማቸውን ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አደረጉት። "አንቺ ሰባት የምትቆጥሪውን እኔ አምስት ብቆጥረው ነው። አንቺ ደረሰ ብለሽ ስትመጪ እኔ ገና ነው ብዬ ቤቴ እቀመጣለሁ። ዘዴሽ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ሰዓት ነው የሚሰጠው። አይደለም እንዴ?"

አይደለም። እንዳልሆነ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ያኔ ይህንኑ አባቴን ጠይቄያቸው "እግርሽ ያነሰው ቁመትሽ ስላነሰ ነው፤ ጥላሽም በዚያው ልክ ያንሳል" ብለውኛል። ሰው የሚለካው የራሱን ጥላ በራሱ እግር ነው፤ ትልቁም ትንሹም የሚያገኘው ያንኑ ቁጥር ነው። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር።

ግን ነጭ ፀጉራቸውን አየሁ። ዶክተሯም ጸሐፊውም እያዩን ነው። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የተናገረው ላይ፣ ያውም በሰው ፊት፣ ልጅ ቃል አይመልስም። ቢሳሳቱም ዝም ይባላል፤ ሌላ ትልቅ ሰው እስኪያርማቸው ይጠበቃል። ጥላ መለካትን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ "ልክ ነዎት" አልኩ።

ፕሮፌሰሩ ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። "ጨርሰሻል። ውጤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ላይ ይለጠፋል።"

ስወጣ ጌትነት ብድግ ብሎ ተቀበለኝ። ነገርኩት። ሕልሙ ጋ ስደርስ ሳቀ፤ "ልክ ነዎት" ጋ ስደርስ ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

"ምን አልሽ?"

"ልክ ነዎት።"

"አንቺ! ስንት ጊዜ ተለካክተናል? እኔ በአንድ ክንድ እበልጥሽ በነበረ ጊዜ እኩል ሰባት አልቆጠርንም?"

"ቆጥረናል።"

"ታዲያ ምን ነካሽ?"

"ሽማግሌ ናቸው፣ ጌትነት።"

እሱም በእኔ ቦታ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ይል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን እጁን በእጁ መታ። "ገባኝ! አውቀው ነው። ሆን ብለው ነው ያሳሳቱሽ። በያዝሽው ትጸኚ እንደሆነ ሊያዩ ነው። አለቀልሽ በይ!"

ወንድሜ ማጽናናት አይችልበትም።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍኩትን ሦስት ሰዓት ተኩል ለማንም አልመኝም። ጌትነት አንድ ቦታ ተቀመጪ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ገበያውን ዞርን፤ መናኸሪያውን ዞርን፤ ባጃጆቹ እንድንሳፈር እየጮሁብን ላይና ታች ወጥተን ወረድን። ዓርብ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም ብዬ አመካኘሁ፤ ባይሆንም አይወርድልኝም ነበር። "አይደለም" የምትል አንዲት ቃል ናት። እሷን ለማውጣት ያቃተኝ ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቼስ ምን ልሆን ነው? እያልኩ ጥፍሬን ጨረስኩት። አንዴ ወደ ጋሳይ የሚሄድ ሚኒባስ በር ላይ እግሬን አሳርፌ "ና እንሂድ" አልኩት። ጌትነት ነጠላዬን ይዞ ጎተተኝ።

"ወፍጮ ቤት ገብተሽ ዕድሜ ልክሽን እኔን ‘ምነው ያኔ’ እያልሽ ልታሰቃዪኝ ነው? ተመልሰሽ ንገሪያቸው።"

"ምን ብዬ?"

"ተሳስተዋል ብለሽ።"

"አንተ ትለዋለህ?"

"እኔ አልተጠየቅኩም" አለ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው በር ላይ ነበርን። ዘበኛው አወቁኝ። "አንቺ ተጠርተሽ ጨርሰሻል። ገና ሁለት ልጆች ይቀራሉ፤ አትረብሺ" አሉ። ግቢ ውስጥ መጠበቅ ግን አልከለከሉንም። ቆምኩ። ሰማዩን ሳየው ከምዕራብ በኩል ነጭ ደመና እየተቆለለ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ፕሮፌሰሩ ወገባቸውን ለማፍታታት ብቻቸውን ወደ ውጭ ወጡ። ጌትነት በክርኑ ጎሸመኝ። ፊታቸው ሄጄ እጅ ነሳሁ።

"አንቺ የጥላዋ ልጅ ነሽ" አሉ ፈገግ ብለው። "የረሳሽው ነገር አለ?"

"አዎ... ይቅርታ ያድርጉልኝና... ያሉት ነገር ልክ አይደለም።"

አልኩት! አልኩትና ምድር ተከፍታ ባልዋጠችኝ ጊዜ ገረመኝ። ዘበኛው ከበሩ ሆነው "ኧረ አንቺ ልጅ!" ሲሉ ሰማኋቸው።

ፕሮፌሰሩ ፈገግታቸው ጠፋ። አልተቆጡም፤ ግራ ገብቷቸው ነው። "የቱ ነው ልክ ያልሆነው?"

"ትልቅ እግር ያለው ሰው ጥላውም ረጅም ነው። እርስዎ በእርስዎ እግር የሚለኩት የእርስዎን ጥላ ነው፤ እኔ በእኔ እግር የእኔን። እኩል ነው የምንቆጥረው።"

ወደ ጫማቸው አዩ። "በትክክል እኩል?"

"ከሩብ እግር አይበልጥም ልዩነቱ። ለቅዳሴ ይበቃል፤ ለፈተናም ይበቃል። እንለካና ይዩት።"

ይህን ብዬ ዞር ስል ጥላዬ የለም። ደመናው ፀሐይዋን ሸፍኗታል።

ቆምን። እሳቸውም፣ እኔም፣ ጌትነትም፣ ዘበኛውም አንጋጠን ሰማይ ሰማይ እናያለን። ዶክተሯ ብቅ ብላ "ፕሮፌሰር፣ ቀጣዩ ልጅ እየጠበቀ ነው" አለች። "አንድ ጊዜ" አሏት። እኔ በልቤ ለፀሐይዋ እየለመንኩ፣ እየተቆጣሁ፣ እንደገና እየለመንኩ ነው። ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። እሳቸውም ወደ በሩ ሊዞሩ አንድ እግራቸውን ሲያነሱ የደመናው ጫፍ ተላቀቀና መሬቱ በራ።

ፕሮፌሰሩ ያለምንም ማቅማማት ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ፈቱ። በካልሲ ግቢው መሐል ቀጥ ብለው ቆሙ። ጌትነት ሮጦ የጥላቸው ራስ ላይ ድንጋይ አኖረ። ተረከዝ ከአውራ ጣት እያገጣጠሙ መራመድ ጀመሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቆጥራሉ። "... አምስት... ስድስት... ሰባት።" ድንጋዩ ጋ ደረሱ። ዘበኛው ቢያንስ በሁለት ጋት ያጥሯቸዋል፤ እሳቸውም "እስቲ እኔም" ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ሰባት። እኔ ቆጠርኩ፤ ሰባት ሆኖ ሁለት ጣት ያህል ተረፈ። ፕሮፌሰሩ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ይላል።

"ታዲያ ፈተና ነበር አይደል?" አልኩ ትንፋሽ እያጠረኝ። "አውቀው ነው ያሳሳቱኝ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ካልሲያቸው አቧራ ለብሷል። "አላወቅሁም ነበር፣ ልጄ። ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመት ጠይቄያለሁ። ከገጠር የመጡ ልጆች ብዙዎቹ ጥላ ይሉኛል። ለሁሉም ይህንኑ ነው የምላቸው። ሁሉም ‘ልክ ነዎት’ ብለውኝ ይወጣሉ።"

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር እስካሁን አልረሳሁትም። አዘንኩላቸው። እሳቸውን ያሳሳቷቸው የእኔ ቢጤ ጨዋ ልጆች ናቸው።

ዶክተሯ ግን ነገሩ አላማራትም። "ፕሮፌሰር፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጊዜ ነው የሰጠነው። እሷ ተመልሳ ከመለሰች ሃያዎቹም ተመልሰው ይመልሱ።"

"ልትመልስ አልመጣችም" አሉ፤ "እኔን ልታርም ነው የመጣችው።" ግን እውነቷን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ጸሐፊውን ጠርተው የእኔን ወረቀት አስመጡና አሳዩኝ። ከሦስተኛው ጥያቄ ትይዩ ሙሉ ነጥብ ተሰጥቶኛል። አጠገቡ "ሐሳቧ ጥሩ ነው፤ እርማትም ትቀበላለች" የሚል ተጽፎበታል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ስቃጠል የዋልኩት ሙሉ ነጥብ ላገኘሁበት ነገር ነው!

"ይህን ነጥብ የሰጠሁሽ ለተሳሳተ መልስ ነው" አሉ ረጋ ብለው። "በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?"

ጌትነት ከኋላዬ ሲያስል ሰማሁት። የትኛውን መልስ እንደፈለገ አውቃለሁ። እኔም ያንኑ ፈልጌ ነበር። ተዉት፣ እንዳለ ይሁን ማለት ይቻላል፤ ማንም አይከለክለኝም። ያን ያህል ጊዜ ዝም ብዬ ቆሜ አላውቅም። ነገር ግን "ልክ አይደለም" የምትለው ቃል አንዴ ከአፌ ወጥታ ነበርና መልሼ ልውጣት ብል አልዋጥልሽ አለችኝ።

"እሰርዘዋለሁ" አልኩ። ወዲያውም እጅግ አድርጎ ቆጨኝ።

ፕሮፌሰሩ እስክሪብቶ አውጥተው ቁጥሯን በአንድ መስመር ሰረዟት። ከሥሩ አንድ ሁለት መስመር ጻፉ፤ ምን እንደጻፉ አላሳዩኝም። ጫማቸውን አሰሩና ገቡ።

ጌትነት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አላናገረኝም። እኔም ራሴን አላናገርኩም። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ሁሉም ተጋፋ፤ እኔ ግን እግሬ አልነሳ አለኝ። ዘበኛው ራሳቸው ጠሩኝ። "ነይ አንቺ የጥላ ልጅ፤ ስምሽ አለ።" ስድስት ስም ከላይ አለ። ከዚያ መስመር ተሰምሮ "ተጠባባቂ" ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም ብቻውን ቆሟል። ከየስሙ አጠገብ የተጻፈው ነጥብ ሲታይ፣ ያቺ የተሰረዘች ቁጥር ብትኖር ሦስተኛ ነበርኩ።

በሚኒባሱ እስከ ጋሳይ አለቀስኩ። ከጋሳይ እስከ ቤት ደግሞ ጌትነት "ደግ አደረግሽ" እያለ አጽናናኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማጽናናት ቻለበት።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አባቴ ከደጅ መደብ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። እናቴ ገብስ ታበጥራለች። አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እንደሚቆጡኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

"ለሽማግሌው በሰው ፊት ልክ አይደለም አልሻቸው?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ምን አሉ?"

"አላወቅሁም ነበር፣ ልጄ አሉኝ።"

አባቴ መስቀላቸውን በእጃቸው ያገላብጣሉ። በኋላ ቀና ሳይሉ "እኔስ?" አሉኝ። "እኔ ተሳስቼ ዝም ያልሽኝ አለ?"

የእናቴ ሰፌድ ቆመ። በዚያን ዕለት ካዳመጥኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ለዚህም ቢሆን መልሱን ከብዙ ዓመት ጀምሮ አውቀዋለሁ።

"አለ።"

"ተናገሪ።"

"ጌትነት ትምህርት የማይገባው ልጅ አልነበረም። ሰሌዳው አይታየውም ነበር። አብረን ስንማር እኔ ነበርኩ በጆሮው የማነብለት። ስምንተኛ ላይ ክፍላችን ሲለያይ የሚያነብለት አጣና ወደቀ።"

አባቴ ወደ ጌትነት ዞሩ። "እውነቷን ነው?"

ጌትነት መሬት መሬት እያየ "እውነቷን ነው" አለ።

"ስድስት ዓመት ሙሉ! ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አንቱ ተናግረው ነበራ፣ አባባ" አልኩ።

አባቴ ማልቀሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰኞ ወፍጮ ቤት ገባሁ። ሦስት ሳምንት እህል መዘንኩ። በአራተኛው ሳምንት ዶክተሯ ራሷ ደወለች፤ ከስድስቱ አንዱ ሌላ ቦታ አግኝቶ አልተመዘገበም። አሁን የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ጌትነት መነጽር አድርጎ ጋሳይ በማታ ይማራል፤ ከሕፃናት ጋር አስቀመጡኝ ብሎ ያማርራል፣ አንድም ቀን ግን አይቀርም።

ባይደወልልኝስ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዛሬም ወፍጮ ቤት ሆኜ ያቺን "እሰርዘዋለሁ" እየረገምኩ እኖር ይሆናል። ጀግና አይደለሁም። ግን ጌትነት መነጽሩን ያኔም ቢሆን አያጣትም ነበር፤ ይህ ይበቃኛል። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ልጆቻችሁ "ልክ ነዎት" ብለዋችሁ አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ ከኋላ አንዴ ጥሯቸውና ጠይቋቸው። የምትሰሙት ደስ ላይላችሁ ይችላል፤ አባቴንም ደስ አላላቸውም።

ቢሆንም አባቴ ተለውጠዋል። አሁን አንድ ነገር ወስነው ሲናገሩ ትንሽ ቆም ይሉና ዙሪያቸውን አይተው "የምትሉት አለ?" ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ማናችንም ትንፍሽ አንልም ነበር። በኋላ እናቴ "እኔ አለኝ" ብላ ጀመረች፤ እስካሁንም አልጨረሰችም።